ቀለሙ ሳይነካ የመኪና በር ስርጉድ እንዴት ይወጣል?

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ መኪና አቁሞ፣ ሸምቶ ሲመለስ እንደተዋት የሚያገኛት ሰው ዕድለኛ ነው። እኔ አልሆንኩም። ማገዶ የጫነች አህያ በመኪናዬና በአንድ ባጃጅ መሀል ሾልካ ለማለፍ ሞከረች። አለፈችም። የአንዱ እንጨት ጫፍ ግን የቪትዜን የግራ በር ጎሸም አድርጎ ነው ያለፈው። ነጂው ዞር ብሎ አየና "አብሽር ወንድሜ፣ ቀለሙ አልተላጠም" ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

እውነቱን ነው። አልተላጠም። የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ስርጉድ ብቻ ናት የቀረችው። ጉንጭ ላይ ብትሆን ኖሮ ይዘፈንላት ነበር። በር ላይ ስትሆን ግን ያየ ሁሉ ጠጋ ብሎ "ምን ነካት?" ይላል።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ላሜራ የሚያቃናው የባትላሜራ ባለሙያ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረጋትና ወዲያው ፈረደ።

"ይፋቃል፣ በስቱኮ ይሞላል፣ ከዚያ ስፖርቴሎው ሙሉውን ይረጫል።"

"ለዚህች?"

"ለዚህች።"

ስቱኮ የሚለው የመሙያ ልጥፉን ነው፣ ስፖርቴሎ የሚለው በሩን። ሰውየው አልተሳሳተም። ብዙ ጋራዥ የሚሠራው እንዲሁ ነው። እኔን ያስፈራኝ የራሴ ታሪክ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የኋላ በሯን ሌላ ቦታ አስረጭቼ ነበር። ጥላ ሥር ስትቆም አንድ መኪና ናት። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ከሁለት መኪና የተገጣጠመች ትመስላለች። ቀለሟ ብርማ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ብርማ ቀለም ውስጥ ደቃቅ የአልሙኒየም ብናኝ አለ። ብናኙ የሚተኛበት አኳኋን በቀለም መርጫው ፒስቶላ ርቀትና በአየሩ ግፊት ይለያያል። ስለዚህ የቀለሙ ቁጥር ያው ሆኖ እንኳ መልኩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ቀለሙን ሳልነካ ስርጉዷን የማወጣበት መንገድ የፈለግሁት። መንገዱ አለ። አስማት የለበትም። ግን ለምን እንደሚሠራ ካላወቃችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ታበላሹታላችሁ ወይ የሚያበላሽ ሰው ትቀጥራላችሁ።

ቀለሙ ለምን ይከበራል?

መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ የለበሰችው ቀለም አንድ ሽፋን አይምሰላችሁ። መጀመሪያ አካሏ በሙሉ ፀረ ዝገት ቀለም ያለበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ቀለሙ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ እንዲጣበቅ ስለሚደረግ እጅ የማይደርስበት ጥግ ሳይቀር ይገባል። በዚያ ላይ ፕራይመር ይመጣል። ቀጥሎ እኛ የምናየው ቀለም። በመጨረሻ መስታወት የመሰለው፣ የሚያብረቀርቀው ግልጽ ሽፋን። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ሁለት ዘለላ ፀጉር አንዱን በአንዱ ላይ ብታጋድሙ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ይህ ስስ ነገር የሚጠነክረው ስለሚጋገር ነው። ወንበርና ሽቦ ያልገባለት ባዶ አካል 140 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ያልፋል። ጋራዥ ውስጥ ያለችን ሙሉ መኪና እንዲህ ብታሞቋት ፕላስቲኳና ጎማዋ አይተርፍም። ስለዚህ የጋራዥ ቀለም ማድረቂያ ተቀላቅሎበት በአነስተኛ ሙቀት ነው የሚደርቀው። ጥሩ ቀቢ ቆንጆ ሥራ ይሠራል፤ አልክድም። የመጀመሪያውን ግን መልሶ አያመጣውም።

የገበያው ነገርም አለ። መኪና ሊሸጥ ሲቀርብ ገዢው አብሮት የሚያመጣው "አዋቂ" በሩን ማንኳኳት ይጀምራል። ስቱኮ ያለበት ቦታ ድምፁ ድፍን ይላል። ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይዞ የሚዞርም አለ። ደህናው ላሜራ ላይ ጥብቅ ትላለች፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ትላላለች ወይ ትወድቃለች። "ይቺ በር ተነክታለች" ከተባለ በኋላ ስለ አህያዋ ብታወሩ ማንም አይሰማችሁም።

ላሜራው ለምን በራሱ አይመለስም?

የበር የውጭ ላሜራ በጣም ስስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊሜትር ነው። ጠባዩን ለማወቅ ቀጭን ሽቦ ይበቃል። ትንሽ ጎበጥ አድርጋችሁ ብትለቁት ይመለሳል። ጨከን ብላችሁ ካጠፋችሁት እንደታጠፈ ይቀራል። ላሜራም እንደዚያው ነው። እስከ አንድ ልክ ድረስ ይገፋና ይመለሳል። ልኩ ካለፈ አዲሱን ቅርጽ ይለምዳል።

ስርጉድ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ብረት አለ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ከገባው ቦታ ብዙው፣ ቢለቁት የሚመለስ ብረት ነው። የያዘው በእርግጥ የታጠፈው ጥቂቱ ክፍል ነው፤ መሀል ያለው ነጥብና ዙሪያውን ያለው ጠርዝ። ጣታችሁን ከደህናው ቦታ ወደ ስርጉዱ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራትቱ። ከመውረዱ በፊት ትንሽ ከፍ ይላል። መሀሉ ሲገባ ዳሩ ወደ ውጭ ተነስቶ ነው። ያ ከፍታ እንደ ቀለበት ሆኖ ስርጉዱን ቆልፎ ይዞታል።

አሁን መሀሉን ብቻ በኃይል የሚገፋ ሰው ምን እንደሚገጥመው ገምቱ። ቀለበቱ እንደቆለፈ ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ ሹል ጉብታ ይወጣል። አንድ ችግር የነበረው ሁለት ይሆናል። ደጋግሞ ሲሞክር ሌላ ጣጣ ይመጣል። ያንኑ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ብታመላልሱት መጀመሪያ ይጠነክራል፣ በኋላ ይሰበራል። ላሜራውም በተነካ ቁጥር እየጠነከረ እምቢ ይላል።

ከሁሉ የሚከፋው ሲለጠጥ ነው። የድሮ የብረት ትሪ ቤታችሁ ካለ አስታውሱ። መሀሏን ስትጫኗት "ጧ" ብላ ትገባለች፣ ከሥር ስትነኳት "ጧ" ብላ ትወጣለች። ላሜራዋ ተለጥጦ ለቦታው ስለተረፈ መቀመጫ አጥቷል። በመዶሻ ክፉኛ የተመታ በርም እንዲህ ይሆናል። ያኔ ቀለሙን አትርፎ ማቃናት ከባድ ነው።

ሐረጎን ወርጄ

ደሴ ላይ ስጠይቅ ስጠይቅ "ሳዑዲ ቆይቶ የመጣ አንድ ልጅ ኮምቦልቻ አለ፤ እሱ ሳይቀባ ያወጣል" አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት ወረድኩ።

ኮምቦልቻ መሆኑ ራሱ ለሥራው ይመቻል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ቀለም ሲበርደው ግትር ይሆናል። ላሜራው ሲገፋ አብሮ መጎበጥ ትቶ ይሰነጠቃል። የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ባደረበት ጠዋት ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ቀለሙን ጠልቶታል ማለት ነው። ልጁም መኪናዋን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አቆማት። በሩ ለእጅ ለብ ሲል ወደ ቆርቆሮው ጥላ አስገባት።

ከዚያ ረጅም ነጭ አምፖል አምጥቶ ከበሩ ትይዩ አቆመ። ብርሃኑ በሩ ላይ እንደ ነጭ ክር ተዘረጋ። ስርጉዷ ጋ ሲደርስ ክሩ ጎበጠ።

"ጋሼ፣ ላሜራውን አይዩ" አለኝ። "መስመሩን ይዩ።"

የሥራው ግማሽ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ሥራው ሊያልቅ ሲል የቀረችውን ስርጉድ ዓይን በቀጥታ አያያትም። ነጸብራቁ ግን ያጋልጣታል። የሚያብረቀርቅ ነገር በትንሹ ሲያዘነብል፣ ከላዩ የሚመለሰው ብርሃን በእጥፍ ያዘነብላል። ስለዚህ መስመሩ ቀጥ ካለ ላሜራውም ቀጥ ብሏል። ቤታችሁ ብትሞክሩት የመብራት እንጨት ወይም የአጥር ምስል በሩ ላይ ሲንጸባረቅ ማየት ይበቃል።

ቀጥሎ በመስታወቱና በውጭው ላሜራ መሀል ያለውን ጎማ በፕላስቲክ ሽብልቅ ከፈት አደረገ። መስታወቱ እንዳይነካ ቀጭን መከላከያ ሰሌዳ ሰደደ። ከዚያ ጫፉ እንደ ጣት ጫፍ የተድቦለቦለ ረጅም ዘንግ አስገባ።

"ይህ እኮ ፌሮ ቢሆንም ይሠራል" አልኩት። ሳቀብኝ። ፌሮ ራሱ ይጎብጣል። የሚፈለገው እንደ ባሌስትራ ያለ፣ ሲጫኑት ጎብጦ ሲለቁት የሚመለስ ብረት ነው። ያኔ እጅ የሰጠው ኃይል ሳይዛባ ጫፉ ላይ ይደርሳል።

ዘንጉ በሩ ውስጥ ስለሆነ ጫፉ የት እንዳለ አይታይም። ልጁ በጣም ቀስ ብሎ ይነካና መስመሩን ያያል። የሆነ ቦታ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ብልጭ ትላለች። ጫፉ እዚያ ነው። ወደ ስርጉዷ ዳር ያመጣዋል። ይጫናል፤ ይለቃል። ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ እንደገና ይጫናል። ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሀል ይጠጋል። በአንድ ግፊት የሚነሳው ምናልባት የወረቀት ውፍረት አይሞላም። መሀል መሀል ላይ ዘንጉን ይተውና ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ አጭር እንጨት ቀለበቱ ላይ አስደግፎ በትንሽ መዶሻ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ያ የተነሳው ዳር ሲወርድ ቁልፉ ይላላል፤ የተጨነቀው ብረትም በራሱ ትንሽ ይመለሳል። እያየሁት ስርጉዷ ማንም ሳይነካት አነሰች።

ግፊቱን መቁጠር ጀምሬ ስልሳ ላይ ሰለቸኝ። ጎረቤት ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ጠሩን። እሱ ዘንጉን እንደያዘ አቦሉን አለፈው። ቶናው ሲቀዳ ስርጉዷ ግማሽ ሆናለች። በረካ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ነበር። እኔ አልቋል ብዬ ተነሳሁ። እሱ ግን ገና ነኝ አለ። የመጨረሻዋ ክፍል ናት የምታስቸግረው። የፋብሪካ ቀለም ጠጋ ብላችሁ ብታዩት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጥቃቅን ወጣ ገባ አለው። አንድ ግፊት ከልክ ሲያልፍ እዚያ መሀል የመርፌ ጭንቅላት የመሰለች ነጥብ ትቀራለች። ያቺ ነጥብ በኋላ ከስርጉዱ የበለጠ ታናድዳለች።

ከውስጥ መግባት ካልተቻለስ?

በር ባዶ ሳጥን አይደለም። ውስጡ የመስታወት ማንሻ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ከጎን ለሚመጣ ግጭት የተቀመጠ ወፍራም ብረትም አለ። ስርጉዱ ከዚያ ብረት ኋላ ከወደቀ ዘንግ አያልፍም። አንዳንዴ የውስጡን ልባስ አውልቆ መግባት ይቻላል። ያን ጊዜ ከልባሱ ኋላ የተለጠፈውን ላስቲክ እንዳይጥሉባችሁ ተቆጣጠሩ። ክረምት ሲገባ በበሩ ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ከወንበራችሁ የሚያግደው እሱ ነው። ዘንግ ለማስገባት በሩን በድሪል እንብሳ የሚል ካጋጠማችሁ ግን ቁልፋችሁን ተቀበሉት። ቀዳዳው ሲውል ሲያድር ይዝጋል።

ሌላው መንገድ ከውጭ በሙጫ መሳብ ነው። ቦታው በአልኮል ይጸዳል። ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ የቀለጠ ሙጫ ተደርጎ ስርጉዱ ላይ ይለጠፋል። ሙጫው ሲረጋ በመሳቢያ ይሳባል። እዚህም የአየሩ ነገር አለ። ሙጫው ትኩስ ሆኖ ከተሳበ ይለጠጣል እንጂ አይዝም። በጣም ከበረደው ደግሞ ምንም ሳይሠራ ጠሽ ብሎ ይለቃል። የተሳበው ቦታ ትንሽ ከፍ ይልና በዚያችው መዶሻ ይወርዳል። የቀረው ሙጫ በአልኮል ርሶ ይነሳል። ቲነርም ሆነ ቤንዚን አታስጠጉት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። በሩ ከዚህ በፊት ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ከሆነ ሙጫው ቀለሙን ይዞት ሊነሳ ይችላል። ከሥሩ ስቱኮ ካለማ ጭራሽ አይሞከርም። እኛ አገር የሚዞሩት መኪኖች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ያስቀባውን አታውቁም። ማግኔቷ እዚህ ጋ ዋጋ አላት።

ፍል ውሃና በረዶ

ስልካችሁ ላይ አይታችሁታል። አንዱ ፍል ውሃ ይደፋል፣ ሌላው በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ በረዶ ይለጥፋል። ጧ! ወጣ።

ፍል ውሃው ፕላስቲክ ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያ) ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ፕላስቲኩ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከኋላ በእጅ ሲገፉት ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረት በር ላይ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት በ80 ዲግሪ ብታሞቁት የሚረዝመው 0.3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ይህቺ እንቅስቃሴ ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ያልታጠፈ ስርጉድ እንዲወጣ ልትገፋፋ ትችላለች። ልክ እንደ ትሪዋ። ዙሪያዋን ቀለበት ያሰረባትን የአህያዬን ስርጉድ ግን አትፈታም። ከመሞከር የሚቀረው ቀለሙን ማስደንገጥ ነው። የመጸዳጃ ቤት መምጠጫ ጎማም ያው ነው፤ ኳስ መትቶ ላስገባው ሰፊ ቦታ ይሞከር፣ ለሳንቲም ስፋት ግን የሚይዘው ነገር የለም።

እቤት የምትሞክሩት ምን አለ? በእኔ ግምት ሙጫው፣ እሱም አሮጌ ኮፋኖ (የሞተር ክዳን) ላይ ከተለማመዳችሁ በኋላ። ዘንጉን ተዉት።

የማይወጡት የትኞቹ ናቸው?

ስፋት ብዙ አያስፈራም። ጥልቀትና ሹልነት ነው። እንደ መዳፍ የሰፋ ለስላሳ ስርጉድ ሊወጣ ይችላል፤ በብረት ጥግ የተመታ ጠባብ መስመር ግን ብረቱን ስለሚለጥጠው ያስቸግራል። ቀለሙ የተሰነጠቀ ከሆነ ላሜራው ቢቃናም ቀለም አይቀርላችሁም። በጥፍራችሁ ፈትኑት፤ ካደናቀፈው ተሰንጥቋል። የበሩ ጠርዝ ላይ ያለም ከባድ ነው፤ እዚያ ሁለት ላሜራ ተጣጥፎ ስለተያያዘ መግቢያ የለውም፣ ብረቱም ግትር ነው። ማግኔት የማይዝ የአልሙኒየም በርም አለ፤ ከብረት ይልቅ በቀላሉ የሚሰነጠቅና የማይመለስ ስለሆነ እሱን የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ጠርዙን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የእኔ ቪትዝ በሯ ላይ ሌላም ስርጉድ ነበረባት፤ መያዣው አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ። ያቺን ማንም ላይ አላላክክም። በሩን ራሴ ከግቢያችን ብረት በር ጋር አጋጭቼው ነው። ልጁን አንዴ ከመጣሁ ብዬ አሳየሁት። መብራቱን አስጠግቶ አየ፤ በጥፍሩ ፋቅ አደረገ፤ ራሱን ነቀነቀ።

"ይቺ አትሆንም ጋሼ። ብነካት ቀለሙ ይረግፋል። የተላጠችዋን ቦታ ብቻ ዝገት እንዳይገባት ይድፈኗት።"

መግቢያ ጎማውን መለሰ። ዘንጉ ያለፈበትን የበሩን ውስጥ በዘይት ረጨ፤ ቢጭረው እንዳይዝግ ነው። የአህያዋን ቦታ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ፈለግኳት። አጣኋት። ሌላዋ አሁንም አለች። ማታ ቤት ገብቼ የእህቴን ብርማ የጥፍር ቀለም ለምኜ ቀባኋት። ክረምቱ አልፏል፤ እስካሁን አልዛገችም። እህቴ ግን ብልቃጧን መልስ እያለችኝ ነው።